ቂጣ ስንለው የኖርነው ትምባሆ

እኛ ቤት ትምባሆ የሚባል ቃል አልነበረም። ትምባሆው ራሱ ሞልቷል፤ በጆንያ፣ በቆጡ ላይ፣ በሙቀጫው ውስጥ፣ ከእኔ ፀጉር ሳይቀር ይገኝ ነበር። ቃሉ ግን አይጠራም። የምንለው ቂጣ ነው። እናቴ የወቀጠችውን ቅጠል በመዳፏ እየዳመጠች ክብና ጠፍጣፋ አድርጋ ስለምትሠራው፣ እውነትም ያረረ ቂጣ ይመስላል። «ቂጣው ደርቋል?»፣ «ቂጣው ዝናብ እንዳይመታው አስገቢ»፣ «ለካኮ ገበያ የሚበቃ ቂጣ አለን?» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። የሚበላውን ለመለየት «የስንዴው» እንላለን። አንደኛ ክፍል እያለሁ መምህራችን ቂጣ ከምን እንደሚሠራ ሲጠይቀን እጄን አውጥቼ «ከቅጠል» አልኩ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። እልኸኛ ነኝና እስካሁንም የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ቃሉን የደበቅነው ከቤተ ክርስቲያን ነው። አባቴና እናቴ ከጎፋ በኩል ወደ ጂንካ የመጡት ከተጋቡ በኋላ ነው፤ ሁለቱም በወንጌል ያመኑ ነበሩ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ አማኝ ትምባሆ አያጨስም፣ አያኝክም፣ አይሸጥም። አባቴ የአንድ የመንግሥት መጋዘን ዘበኛ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ መጋዘኑ ተዘጋና እሱ ባዶ እጁን ቤት ተቀመጠ። እኔ ያኔ ገና እድህ ነበር ይላሉ። እናቴ አንዲት የአሪ ጎረቤት ነበረቻት፤ ትምባሆ ማዘጋጀትን የተማረችው ከእሷ ነው። ከጂንካ በላይ ያለው የአሪ ደጋ ቅጠሉን ያበቅላል፤ ከታች ያለው ቆላ፣ ሐመሩም በናውም ቦዲውም፣ ያለ እሱ አይውልም። አንዳንዱ ያኝከዋል፣ አንዳንዱ ፈጭቶ ሱረት ያደርገዋል። እናቴ በደጋውና በቆላው መሐል ቆመችና ቤታችን ከዚያ በኋላ ጾሙን አላደረም።

ሥራው ቀላል አይደለም። ቅጠሉ ሲመጣ ወፍራም ጅማቱ ይወጣለታል። ትንሽ ከጠወለገ በኋላ ይወቀጣል፤ ከዚያ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ጥግ ይቀመጣል። እዚያ ይሞቃል፣ ያልበዋል፣ ይበስላል። አንድ ቀን ቀድሞ ከተፈታ ጥሬ ሆኖ ጉሮሮ ይቧጥጣል፤ አንድ ቀን ከዘገየ ይሻግታል። ሙያው ሁሉ ያቺን ቀን ማወቅ ነው፤ እሷ ደግሞ በዓይን አትታይም፣ የምትታወቀው በሽታ ብቻ ነው። እናቴ «ቂጣ በሽታ ይታወቃል» ስትል ያልገባው ሰው የታመመች መስሎት «እግዚአብሔር ይማርሽ» ይላት ነበር።

ችግሩ የእሷ አፍንጫ ሞተ። በየቀኑ ሙቀጫው ላይ ተደፍታ ስለኖረች፣ እኔ ትምህርት ቤት በገባሁበት ጊዜ ወጥ ሲያርር እንኳ አይሸታትም ነበር። ስለዚህ እኔን አሠለጠነችኝ። ጥቅልሉን ገለጥ አድርጋ «ግቢ» ትለኛለች፤ አፍንጫዬን አስገባለሁ።

«ምን ይላል?»

«እርጥብ ሣር።»

«ተይው።»

በሁለተኛው ቀን እርጥብ ቆዳ ይላል፤ አሁንም «ተይው» ትላለች። ከዚያ አንድ ጠዋት ያረረ ስኳርና ቆዳ አንድ ላይ ይሸተኛል፤ «ደርሷል» እላታለሁ። አታመነታም፣ ደግማ አትጠይቀኝም፣ ወዲያው ትፈታዋለች። የስንት ቀን ልፋቷን ለአንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ቃል ነበር የምታስረክበው። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ አድርጎ ያመነኝ ሰው የለም።

ሌላ ሠራተኛ አልነበረንም። እናቴ ትሠራለች፤ አክስቴ ትወቅጣለች። አክስቴ የእናቴ ታናሽ እህት ናት፤ እናታቸው ስትሞት እናቴ ከጎፋ አምጥታ አሳደገቻት፤ ሙያውንም ከአስተሻሸቱ እስከ አደራረቁ አንድም ሳትደብቅ አስተማረቻት። አባቴ ይሸጣል። ቅዳሜ ጂንካ ገበያ፣ በሌላው ቀን ካኮ፣ አንዳንዴም መኪና ሲገኝ ቆላ ይወርዳል። ሲናገር አፉ ላይ ማር የቀቡት ይመስላል። እሑድ ደግሞ ያው አፉ ከሁሉ ቀድሞ ሃሌሉያ ይላል። ሰዎች አፈ ቅቤ ይሉታል፤ የአባባሉን ሁለተኛ ግማሽ ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

ጎረቤቱ ሥራችንን ያውቅ ነበር። ምእመናኑም ሳያውቁ አይቀሩም፤ እኛ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ሁሉ በነጠላው ጫፍ አፍንጫውን ሲያብስ አይቻለሁ። ግን ሸተታቸው እንጂ ማንም አልነገራቸውም፤ ያልተነገረ ነገር ደግሞ እንደሌለ ይቆጠራል። እንዲህ ስንኖር እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ሞላኝ፤ ያን ዓመት አዲስ ወንጌላዊ ከሌላ ከተማ ተመደበልን። ቀጭን፣ ገና ያላገባ፣ በጂንካ ጭቃ ውስጥ ጫማውን እንዴት አድርጎ እንደሚያስወለውል ያስገረመን ሰው ነበር። አንድ ቅዳሜ ገበያ መሐል ሲያልፍ ሴቶች ስለ እናቴ ሲያወሩ ሰማ። «እንደ እሷ ቂጣ የሚሠራ በዚህ አገር የለም፤ ከቆላ፣ ከሃና ከተማ ድረስ ነው የሚመጡላት» ይባባላሉ። ወንጌላዊው የሚያውቀው አንድ ዓይነት ቂጣ ብቻ ነው።

በማግስቱ ከአምልኮ በኋላ ቤታችን ድረስ መጣ። ጓሮውን አላየም፤ በር ላይ ቆሞ ነው የተናገረው።

«እህቴ፣ ለጌታ እራት ቂጣ የምትጋግርልን እህት ታማብናለች። የአንቺ ቂጣ ዝናው ከሩቅ ተሰምቷል። ለሚመጣው እሑድ ብታዘጋጂልን ቤተ ክርስቲያን ትባረካለች።»

አክስቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋ ወደ ጓሮ ሮጠች፤ ሳቋ እስከ በሩ ይሰማል። እናቴ ወለሉን አየች። ምን ትበል? «አልችልም» ብትል «ለምን?» ሊላት ነው። ከኋላዋ የቆመው አባቴ «ደስ ይላታል፣ ወንድሜ፤ ለጌታ ሥራ ማን እምቢ ይላል?» አለ። እሱ ሁልጊዜ መልስ አያጣም።

ያን ሳምንት እናቴን እንደዚያ ስትጨነቅ አይቻት አላውቅም። ሦስት ቀን ቅጠል አልነካችም። እጇን በአመድ ፈተገች፣ በሎሚ አሸች፣ በሳሙና አጠበች፤ ጥፍሯ ሥር ያለው ጥቁረት ግን ከእሷ ጋር አብሮ የተወለደ ይመስል አልለቅም አለ። ምጣድ ከጎረቤት ተበደረች፤ አዲስ ዱቄት አስገዛች። ሲጋገር የመጀመሪያውን ቁራሽ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋችልኝ።

«ምን ይላል?»

«ስንዴ» አልኳት።

አልዋሸሁም። እውነትም ስንዴ ነው የሸተተኝ። ግን ከተወለደች ጀምሮ ትምባሆ ውስጥ የምትተነፍስ ልጅ በስንዴው ላይ ያለውን ትምባሆ እንዴት ትለየዋለች? ዱቄቱን ያሳደርነው ከቆጡ ሥር ነበር፤ እንጨቱም ውሃውም ያው ነው። ያን ጊዜ ሁለታችንም ይህን አላሰብንም። እናቴ እፎይ ብላ ቂጣውን በነጭ ጨርቅ ጠቀለለችው።

እሑድ ጸሎት ተደረገና ቂጣው ዞረ። መጀመሪያ ከመዘምራኑ አንዷ አስነጠሳት። ቀጥሎ ከወንዶቹ በኩል ሳል ተሰማ። አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከማመናቸው በፊት ዕድሜያቸውን ሁሉ ትምባሆ ሲያኝኩ የኖሩ። ቁራሻቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ፊታቸው ላይ በዚያ ቤት አይቼው የማላውቀው ሰላም ሰፈነ። ሳሕኑ ሲመለስ እጃቸውን ሰደው ሁለተኛ ቁራሽ አነሱ። ወንጌላዊው አያቸው። ከዚያ የራሱን ቁራሽ ቀስ ብሎ አላመጠ፤ ቆመ፤ ወደ እናቴ ዞረ። ዛሬ ይህን ለሥራ ባልደረቦቼ ሳወራ በሳቅ ይሞታሉ። እኔም እስከዚህ ድረስ እስቃለሁ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ወንጌላዊውና ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። በዚህ ጊዜ ጓሮ ገቡ። ቆጡን አዩ፣ ሙቀጫውን አዩ፣ ጥጉ ላይ የተደረደረውን ጥቅልል ገልጠው አዩ። ወንጌላዊው አልተቆጣም፤ ያዘነ ነው የሚመስለው። ተቀምጠው ከጸለዩ በኋላ «ይህ ሥራ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ «የሁላችን ነው» ይላል ብዬ ጠበቅሁ።

«የእሷ ነው» አለ። «ተዪ ብዬ ስለምናት ዓመታት አለፉ። ሴት ልጅ ልቧን ካደነደነች ምን ይደረጋል? ለልጄ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ዛሬ ጌታ ገለጠው፤ ተመስገን።» ይህን ሲል ዓይኑ እንባ አቀረረ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚሉት ተረት ለእኛ ቤት ተብሎ የተተረተ ይመስለኛል።

እናቴን ጠየቋት። ቀና ብላ አባቴን አየችው፤ እሱ ጣሪያውን ያያል። ከዚያ «የእኔ ነው» አለች። ሳስበው፣ በዚያ ቀን እውነቱን የተናገረች እሷ ብቻ ናት፤ ሥራው በርግጥም የእሷ ነበር።

ውሳኔው አጭር ነው። እናቴ ላልተወሰነ ጊዜ ከጌታ እራት ታገደች። አባቴ ደግሞ ያለውን ትምባሆ ሁሉ በምእመናን ፊት ሊያቃጥል ቃል ገባ። እናቴ ያን ሳምንት ቆጡን ቀና ብላ አላየችውም። በረሃብ ጊዜ ያሳደገን ነገር ነው፤ በገዛ እጇ የሠራችው ነው፤ የዓመቱ ምርጥ ቅጠል በዚያ ላይ ነበር። ጆንያ ውስጥ የሚከተውን አባቴ ራሱ ከተተ፤ «አንቺ አትድከሚ» አላት። ዓርብ ዕለት አክስቴ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ቤት ልትቀጠር በጭነት መኪና ሃና ወረደች። ለአንዲት የቤት ሠራተኛ ጓዟ በዝቶብኝ ነበር፤ ግን አልጠየቅሁም።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ሰባት ጆንያ ተከመረ። መዘምራኑ ዘመሩ። አባቴ ላምባ አርከፈከፈና ክብሪት ጫረ። ገበያተኞችም ወሬ ሰምተው መጥተው ነበር፤ ነፋሱ ወደሚሄድበት በኩል ቆመው ጭሱን በነፃ ሊስቡ ያሰፈሰፉ ቆለኞች ነበሩ። እናቴ ትከሻዬን ይዛ ቆማለች፤ እንባዋ አናቴ ላይ ሲንጠባጠብ ይሰማኛል። ጭሱ ዞሮ ወደ እኛ መጣ። ትንፋሼን ሳብኩ።

የማሽላ አገዳ ነው። የማሽላ አገዳ፣ የበቆሎ ልጣጭ፣ ላይ ላዩን ደግሞ የምንጥለው የትምባሆ ጅማት። ያረረ ስኳር የለም፤ ቆዳ የለም። የሰው ሁሉ ጓሮ በየቀኑ የሚያጨሰው ጭስ ነው። ከነፋሱ በኩል የቆሙትም ተስፋ ቆርጠው መበተን ጀመሩ፤ እነሱም ገብቷቸዋል። ምእመናኑ ግን የትምባሆ ጭስ ምን እንደሚሸት ከየት ያውቃሉ?

ቀና ስል አባቴ በእሳቱ ማዶ እያየኝ ነበር። ጭንቅላቱን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ አንቀሳቀሰ።

እናቴ ጎንበስ ብላ ጆሮዬ ላይ ጠየቀችኝ፤ «ምን ይላል?»

«ቂጣችን ነው» አልኳት።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ስንት ዓመት አሰብኩበት። ፈርቼ ነው ብል ግማሽ እውነት ነው። አባቴ አንድ ቀን በጥፊ እንኳ ነክቶኝ አያውቅም። ምናልባት በሁለቱ መሐል መቆም አቅቶኝ ይሆናል፤ እሱ ከፊቴ ነበር፣ እሷ ከኋላዬ። ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ እጄን ይዞ ወደ ኋላ አስቀረኝ። «ጎበዝ ልጅ ነሽ» አለኝ። «የትምህርትሽ ገንዘብ እዚያ ነው ያለው። ሃና። እናትሽ ብታውቅ ለሽማግሌዎቹ ትናገራለች፤ እሷ ሆዷ ውስጥ ነገር አያድርም። ሆድ ይፍጀው፣ እሺ?» እሺ አልኩ። የሚያሳፍረኝን ነገር ልናገር፤ ሚስጥር ስለተካፈልኩ ኩራት ተሰማኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ረጅም ነው፤ ግን አንድ ዓይነት ነው። እናቴ ጎመንና ስኳር ድንች እየቸረቸረች ጂንካ ገበያ ላይ ተቀመጠች። እገዳው ተነሣላት፤ ሆኖም ከእሷ እጅ የሚጎርስ ሰው ጠፋ፤ ሰርግና ለቅሶ ላይ ምግብ ሥራ አያስነኳትም፣ ውሃ ቅጂ ነው የሚሏት። የመጨረሻው ወንበር ላይ ትቀመጥ ነበር። አባቴ ሽማግሌ ሆኖ ተመረጠ። በየዓመቱ ምስክርነት በሚሰጥበት ቀን ያን እሳት ያወራዋል፤ ሰባት የነበረው ጆንያ አሥር ሆነ፣ ቆይቶ አሥራ አምስት ደረሰ፣ ነበልባሉም ከዛፎቹ በላይ ወጣ። ሰውየው ዓይኑን በጨው የታጠበ ነው፤ ሲያወራው እኔን አያየኝም፣ እናቴን ግን እያሳየ ነው የሚያወራው። «ይህች ባለቤቴ በትምባሆ እስራት ሳለች» ይላል። እናቴም «አሜን» ትላለች።

በየሁለት ወሩ ለወንጌል አገልግሎት ብሎ ቆላ ይወርዳል። ስንቁን የምታዘጋጀው እሷ ናት፤ በሰላም እንዲመለስ የምትጾመውም እሷ ናት። ሲመለስ ከሃና ማር ይዞ ይመጣል፤ ለቤተ ክርስቲያን እንግዶች ያበረክተዋል። እናቴ በሳሕን እያደረገች ታቀርባለች። እኔ ጣቴን ስነክር «ተዪ፣ የአገልጋዮች ነው» ትለኛለች፤ እሷ ቀምሳው አታውቅም። ስለ እህቷ ስትጠይቀው «ካላመነ ሰው ጋር ተጠቃልላለች፤ ስምሽን መስማት አትፈልግም» አላት። ያን ዕለት ከእሳቱ ቀን የበለጠ አለቀሰች። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ደብተሬ ላይ አቀርቅሬ።

ተማርኩ። ኮሌጅ ገባሁ፣ መምህር ሆንኩ፣ ጂንካ ተመደብኩ። ሃና ውስጥ የሆነ ነገር እንዳለ አውቃለሁ፤ ምን እንደሆነ አይቼ አላውቅም፤ ለማየትም አልፈለግሁም። ካላየሁት የሌለ ይመስለኝ ነበር። ይህን ጠባይ ከማን እንደወረስኩ አይጠፋችሁም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ፈተና ለመቆጣጠር ሃና ተላክሁ። በሁለተኛው ቀን ከፈተናው በኋላ ሳልፈልገው አፍንጫዬ ወሰደኝ። ከመንገዱ ገባ ብሎ አንድ ሰፊ ግቢ አለ። በሩ ክፍት ነው። አምስት ሴቶች በአምስት ሙቀጫ ይወቅጣሉ፤ ረጃጅም ቆጦች በጥቁር ክቦች ተሞልተዋል። አንዲት ወፍራም ሴትዮ በመሐላቸው ቁጭ ብላ በመዳፏ ትዳምጣለች፤ እጇን እንደ እናቴ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የምትገፋው። አክስቴ ናት። ቀና አለችና ወዲያው አወቀችኝ፤ በትምባሆ እጇ አቅፋኝ አለቀሰች።

«እትዬ እንዴት ናት?» አለችኝ። «ማሩን ትወደዋለች?»

«የቱን ማር?»

«በየጊዜው የምልክላትን ነዋ። አባትሽ ‹በጣም ነው የምትወደው› ይለኛል።»

ቀስ በቀስ ሁሉንም ነገረችኝ። አባቴ ያን ጊዜ «እህትሽ ናት ያለችው» ብሏት ነበር። «‹እኔ ቤተ ክርስቲያኔን መልቀቅ አልችልም፤ አንቺ ሃና ወርደሽ ቂጣውን አስቀጥዪ፣ ሙያዬ እንዳይጠፋ› ብላለች አለኝ። ‹ጂንካ ብቅ እንዳትዪ፤ ከታየሽ ነገሩ ይወጣና ያባርሯታል› አለኝ። እኔም ለእሷ ስል ይኸው ቀረሁ። እናቴም አባቴም እሷ አይደለች?»

ሰው ይህን ሲሰማ በአባቴና በአክስቴ መሐል ሌላ ነገር ይጠረጥራል። ሌላ ነገር አልነበረም። ቢኖር ለእናቴ ይሻላት ነበር፤ ባሏ የወሰለተባት ሴት ቢያንስ ጎረቤት ያዝንላታል፣ የተወሰደባትም ነገር ስም አለው። እሱ የወሰደባት ሥራዋን፣ ስሟንና እህቷን ነው፤ ሦስቱንም የወሰደው በጸሎት ነው። እኔ ከዚያ ግቢ ስወጣ አባቴን የጠላሁትን ያህል ማንንም ጠልቼ አላውቅም። እናቴን ከዳት፤ አክስቴን አሞኛት፤ እኔን ደግሞ ገና በልጅነቴ የክህደቱ ተካፋይ አደረገኝ። እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። የራሴንም ድርሻ በእሱ ላይ ስለጫንኩ ቀለል አለኝ።

ጂንካ ስመለስ በቀጥታ ገበያ ሄድኩ። እናቴ ጎመን እያሰረች ነበር። አጠገቧ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩና ነገርኳት። ስለ ግቢው፣ ስለ ሙቀጫዎቹ፣ ስለ ማሩ፣ እህቷ ያለችውን ሁሉ። ጎመን ማሰሯን አላቆመችም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እንዲህ ባዳ ሲሆን ግን አይቼ አላውቅም። «ሃያ ዓመት» አለች፤ ለራሷ ነው። ከዚያ «እጇ እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«የማን?»

«የእህቴ። ትዳምጣለች ወይስ ታሠራለች?»

«ራሷ ትዳምጣለች። ልክ እንደ አንቺ።»

ፈገግ አለች። ያን ፈገግታ ሳይ ነገሩ ያለፈ፣ እኔም የዳንኩ መሰለኝ። አንድ ደንበኛ መጣች፤ ጎመን ሸጠችላት፤ ዝርዝር መለሰችላት። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር ጠየቀችኝ።

«ያኔ የተቃጠለው ምን ነበር?»

«አገዳ።»

«አንቺ መቼ አወቅሽ?»

መዋሸት እችል ነበር። «አሁን ሃና ሄጄ» ብል ታምነኛለች፤ እኔ የምነግራትን መቼ ሳታምን ቀርታ ታውቃለች? አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ያን ያህል ጊዜ የተሸከምኩት ነገር ከበደኝ።

«ያን ዕለት» አልኩ። «ጭሱ እንደመጣ።»

እጇ ቆመ። ጎመኑን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ጠይቄሽ ነበር» አለች።

አልሰደበችኝም፣ አላለቀሰችም። ስለ አባቴ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ከእሱ ብዙ የጠበቀች አይመስለኝም። ከእኔ ግን ጠብቃ ነበር። ትምህርቴ ሃና ነው ብሎኝ ነበር ልላት ጀመርኩ፤ ልጅ ነበርኩ ልላት ጀመርኩ። «ደንበኛ እየመጣ ነው፤ ተነሺልኝ» አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን ሁለት ቀሚስና መጽሐፍ ቅዱሷን በፌስታል ይዛ ሃና የሚሄድ አይሱዙ ላይ ወጣች። አባቴን አልተሰናበተችውም። እኔ መናኸሪያ ድረስ ሮጬ ደረስኩ፤ ልሸኝሽ፣ አብሬሽ ልሂድ አልኳት። «የለም» ብቻ አለችኝ። አሁን ከእህቷ ጋር ነው የምትኖረው። አክስቴ እንደምትለኝ ጠዋት ከሁሉ ቀድማ ሙቀጫው ጋ ትገኛለች፤ ሴቶቹን ስትቆጣ ግቢው ይናወጣል፤ ስትስቅም እንዲሁ። መብሰሉን ለማወቅ ደግሞ የምታስሸትተው የአክስቴን ልጅ ነው።

ስደውልላት ታነሣለች። የመጀመሪያ ቀን «ደህና ነዎት?» ስትለኝ እኔን ከሌላ ሰው ጋር ያምታታች መስሎኝ «እኔ ነኝ፣ እማዬ» አልኳት። «አውቄያለሁ» አለች። «ሥራ እንዴት ነው? ለጤናዎ ደህና ነዎት?» እናቴ እርስዎ የሚለውን የተማረችው ገበያ ላይ ነው፤ የምትለውም ለመንግሥት ሠራተኛና ለማታውቀው ሰው ብቻ ነው። አጠገቧ ሆኖ የሚሰማ ሰው የተማረች ልጇን አክብራ ይመስለዋል። «አንቺ በይኝ» ብዬ ለምኛታለሁ፤ አልቅሼም ለምኛታለሁ። «እሺ፣ እንዳሉ» ትለኛለች።

አባቴ አሁን አርጅቷል፤ ሽማግሌነቱን ግን አልለቀቀም። እናቴ የት እንደሄደች ሰው ሲጠይቀው «ለአገልግሎት ሃና ወርዳለች» ይላል። ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ፣ በጸሎት ጊዜ፣ ተነሥቶ ምእመናኑ በቆላ ለምታገለግለው ባለቤቱ እንዲጸልዩ ጠየቀ። ሰው ሁሉ አጎነበሰ። እኔ ቆምኩ።

«እናቴ ሃና የሄደችው ትምባሆ ልትሠራ ነው» አልኩ። «ያኔ ከዚህ ጀርባ የተቃጠለው አገዳ ነው። ትምባሆው በአባቴ እጅ ተሽጧል፤ እኔም የተማርኩት በእሱ ነው። አውቅ ነበር። ጠይቃኝ ዋሸኋት።»

አባቴ ወንበሩን ይዞ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ከኋላ አንዲት አሮጊት «ተዪ ልጄ፣ ተቀመጪ» አለችኝ፤ አልተቀመጥኩም፣ ወጣሁ። ለምን እንደተናገርኩ አላስመስልም፤ ለእውነት ብዬ አይደለም። ወሬው ሃና እንዲደርስ ነው።

ደረሰ። በሳምንቱ ስደውል አነሣች። ስለ ዝናቡ ተነጋገርን፣ ስለ ቅጠሉ ዋጋ ነገረችኝ። ሙቀጫው ሲወቀጥ በስልኩ ይሰማኛል።

«የተናገሩትን ሰምቻለሁ» አለችኝ። «እግዚአብሔር ይስጥዎት።»

ስልኩንም ለአክስቴ ሰጠቻት።